እርሳስ ይቀረጻል፣ ቢላ ይሳላል

አንድ ተማሪ «እርሳሴን ሳልኩት» ብሎ ቢናገር፣ ሰሚው የሚያስበው ወረቀት ላይ የተነደፈ የእርሳስ ምስል ነው። ጫፉ የሾለ እርሳስ ወደ አእምሮው አይመጣም። በአማርኛ እርሳስ ይቀረጻል፤ መሣሪያውም መቅረጫ ነው። ቢላና ማጭድ ይሳላሉ። የእንጨት ካስማ ደግሞ ይሾላል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ‹ሻርፐን› በሚል አንድ ግሥ ይጨርሰዋል። «ሻርፐን ማለት ሳለ ነው» የሚለውን የመዝገበ ቃላት መልስ ሸምድዶ የወጣ ሰው ቢላው ላይ ትክክል ነው፤ እርሳሱ ላይ ሲደርስ ግን ሳያስበው ሠዓሊ ሆኖ ያርፋል።

ይህን ግሥ ከቃላት ዝርዝር ይልቅ ከቢላው ጋር አያይዞ መማር ይሻላል ባይ ነኝ። በተለይ ‹ሻርፐን› እና ‹ሆውን› የሚባሉትን ሁለት ግሦች፣ ሁለቱንም «መሳል» ብለን ስለምናልፋቸው፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያሳጡን ነገር አለ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የራሳችንን ቃል እንፈትሽ።

ባለሙያው ቢላ ሳለ። ሠዓሊው ሥዕል ሣለ። ጉንፋን የያዘው ሳለ። ልጅ የናፈቃት ሴት ለማርያም ተሳለች። ጆሮ አራቱን አይለያቸውም፤ ግዕዝ ግን ይለያቸዋል። ስለት የሚያወጣው ሰሐለ ነው፣ ሥዕል የሚሠራው ሠዐለ፣ የሚያስለው ሰዐለ፣ የሚለምነው ደግሞ ሰአለ። ልዩነታቸውን የያዙት ሐ፣ ዐ እና አ በየራሳቸው የጉሮሮ ድምፅ ይነገሩ ነበር። አማርኛ እነዚያን ድምፆች ሲጥል አራቱም ቃላት አንድ ቦታ ላይ ወደቁ። «ስለት» የሚለው ስምም የቢላውን አፍና ለታቦት የሚገባውን ብፅዓት አንድ ላይ ተሸክሞ ቀረ፤ ጠንቃቃ ጸሐፊ ሁለተኛውን «ስእለት» ብሎ ይለየዋል። («ልጅ ሳለ» በሚለው ውስጥ ያለው ሳለ የዚህ ቤተሰብ አይደለም። እሱ «አለ» ላይ «ስ» ተጨምሮበት የመጣ ነው።) ስለዚህ እንግሊዝኛ በአንድ ግሥ ብዙ ሥራ ያሠራል ብለን ስንገረም፣ የእኛውም ግሥ ከዚያ ያልተናነሰ ሸክም እንዳለበት እናስታውስ።

የ‹ሻርፐን› አሠራር ቀላል ነው። ‹ሻርፕ› ቅጽል ነው፤ ትርጉሙም ስል፣ ሹል ማለት ነው። መጨረሻው ላይ የምትጨመረው ‹-ን› ቅጽሉን ወደ ግሥ ትቀይረዋለች። ከ‹ሃርድ› ‹ሃርደን› (አጠነከረ)፣ ከ‹ሾርት› ‹ሾርተን› (አሳጠረ)፣ ከ‹ዋይድ› ‹ዋይደን› (አሰፋ) የሚወጡት በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ እነዚህ ግሦች በአብዛኛው «ከነበረው ይበልጥ» የሚል ሐሳብ በውስጣቸው ይዘዋል። ስል የሆነን ቢላም ‹ሻርፐን› ማድረግ ይቻላል። በተጨማሪም ግሡ ተሳቢ ሳይፈልግ ብቻውን ይቆማል፤ ምስሉ ራሱ፣ ውጋቱ ራሱ፣ ልዩነቱ ራሱ ‹ሻርፐን› ያደርጋል። አማርኛ እዚህ ቦታ «ተሳለ» አይልም። ምስሉ ጠራ፣ ውጋቱ በረታ፣ ልዩነቱ ጎላ ይላል።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ‹ሻርፕ›ን ራሱን እንደ ግሥ በመጠቀም ነው፤ «እርሳሱን ሻርፕ አድርገው» የሚለውን አነጋገር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ያስገቡታል። ‹ሻርፕ› በግሥነት ጎልቶ የሚኖርበት ቦታ ሙዚቃ ነው። አንድን ኖታ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በ100 ሴንት፣ ከፍ ማድረግን አሜሪካውያን ‹ሻርፕ› ሲሉት እንግሊዞች እዚያም ‹ሻርፐን› ይሉታል። ከሙዚቃ ውጭ ‹-ን›ዋ አትቅር።

በምሳሌያዊ አነጋገር ላይ ትርጉማችን ብዙ ጊዜ ይንሸራተታል። እንግሊዝኛው ክህሎትን ‹ሻርፐን› ያደርጋል፤ «ክህሎትን መሳል» የሚለው አማርኛ በስልጠና ማስታወቂያዎች ላይ ቢነበብም የትርጉም ሽታ አለው። ክህሎት ይዳብራል፣ ሙያ ይሻሻላል። ትኩረት ይሰበሰባል። አእምሮና ትችት ግን ለስለት ቅርብ ናቸው፤ «የሰላ አእምሮ»፣ «የሰላ ሂስ» እንላለንና። ምላስም ስለታም ይሆናል። ተቃራኒውም እንዲሁ ነው፤ ደነዝ ቢላ እንዳለ ሁሉ ደነዝ ሰው አለ። እንግሊዝኛውም ‹ደል› ብሎ ቢላውንም፣ ሰውየውንም፣ አሰልቺውን ንግግርም በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ የተገናኙበት ቦታ ይህ ነው።

ፎቶ ላይ ግሡ ትንሽ ያታልላል። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ‹ሻርፐን› የሚሉት ተግባር ትኩረቱን የሳተ ምስል አይመልስም። የሚሠራው በጠርዞች ግራና ቀኝ ያለውን ልዩነት ማጉላት ነው፤ ጨለማውን ወገን ያጨልማል፣ ብሩሁን ያበራል። ሲበዛ በሰው ትከሻና በሰማዩ መካከል ነጭ ቀለበት ይታያል። ከፊልም ዘመን የመጣው የታወቀው ዘዴ ስሙ ‹አንሻርፕ ማስክ› ነው፤ ስል ያልሆነ መሸፈኛ እንደማለት። የምስሉ የደበዘዘ ቅጂ ከዋናው ላይ ይቀነስና የቀረው ልዩነት ተመልሶ ይጨመራል። ድብዛዜን ተጠቅሞ ጥራት ማውጣት ስለሆነ ስሙ እንግዳ ቢመስልም ትክክል ነው።

አሁን ወደ ‹ሆውን› እንምጣ። ይህ ቃል ግሥ ከመሆኑ በፊት ስም ነበር፤ ስም ሳለም ትርጉሙ ድንጋይ ነው፣ በኋላም የመሳያ ድንጋይ። ዛሬ በምሳሌያዊ አነጋገር «ቀስ በቀስ አሳምሮ ማጥራት» ማለት ነው፤ ንግግርን፣ የእጅ ሙያን፣ የጽሑፍ ስልትን ‹ሆውን› ያደርጋሉ። ‹ሻርፐን› የደነዘውን ማስተካከልም ሊሆን ይችላል፤ ‹ሆውን› ግን ደኅና የነበረውን የመጨረሻውን ልክ ማስያዝ ነው። ‹ሆውን ኢን› የሚለው አጠቃቀም ደግሞ ከ‹ሆውም ኢን› ጋር በድምፅ ተቀራርቦ የተወለደ ነው። ዋናው ‹ሆውም ኢን› ወደ ቤቷ አቅጣጫ ስታ የማታውቀውን እርግብ ያስታውሳል፤ ወደ ዒላማ ማነጣጠር ማለት ነው። ከስለት ጋር ዝምድና የለውም። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይመዘግባሉ፤ መደበኛ ጽሑፍ ላይ ግን ‹ሆውም› መጻፍ ከትችት ያድናል።

ሦስተኛም አለ፣ ‹ዌት›። ይህ የድሮ «ሳለ» ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው የምግብ ፍላጎትን በመቀስቀስ አነጋገርና ‹ዌትስቶን› በሚለው የመሳያ ድንጋይ ስም ውስጥ ነው። «እርጥብ» ከሚል ትርጉም ካለው ሌላው የእንግሊዝኛ ‹ዌት› የምትለየው አንዲት የማትነበብ ፊደል ስለሆነች እንግሊዞች ራሳቸው ይሳሳቱባታል። ድንጋዩ ውኃ ጠጥቶ ስለሚሠራ ደግሞ ስሕተቱ የባሰ እውነት ይመስላል። ድንጋዩ ግን ስሙን ያገኘው ከመሳል ነው፣ ከውኃው አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱ ግሦች ወጥ ቤት ውስጥ ምን ይሆናሉ? የቢላ ስለት እንደ ጎጆ ጣራ ሁለት ተዳፋቶች የሚገናኙበት መስመር ነው። ይህ መስመር በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው፣ ቀጭኑ ጫፍ ከመክተፊያው ጋር ሲጋጭ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል። ብረቱ አለ፤ አቅጣጫውን ነው የሳተው። ሁለተኛው፣ ጫፉ ተበልቶ ይድቦለቦላል ወይም ይሸረፋል። እዚህ ላይ ስለት የሚባለው ነገር ራሱ የለም። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ማቅናት ነው፤ በወጥ ቤት እንግሊዝኛ ‹ሆውን› የሚባለው ይህ ነው። ለሁለተኛው ከሁለቱም ተዳፋቶች ብረት ፍቆ አዲስ መስመር ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህ ‹ሻርፐን› ነው። ከሥጋ ቤት የምናውቀው፣ ብዙ ሰው ሞረድ የሚለው ዘንግ በዋናነት የመጀመሪያውን ይሠራል። ብረት የሚፍቀው በጣም ትንሽ ነው። ወራት ሙሉ በዘንግ ሲታሽ የኖረ ቢላ «እየሳልኩት አይቆርጥም» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያውም አልተሳለም። (እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ከዚህ ግራ መጋባት አላመለጡም፤ ዘንጉን ራሱን «የመሳያ ብረት» ብለው የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው።)

በዘንግ ማቅናት የሚወስደው ግማሽ ደቂቃ ነው። የዘንጉ ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ወደ ታች ይተከላል። ቢላው ከዘንጉ ጋር 20 ዲግሪ ያህል ይዞ ከእጀታው በኩል ካለው ስለት ተነሥቶ እስከ ጫፉ ይወርዳል፤ በግራ አንዴ፣ በቀኝ አንዴ፣ በእያንዳንዱ ወገን ከ4 እስከ 6 ጊዜ። የሚጫነው ከቢላው ክብደት እምብዛም አይበልጥም። አየር ላይ እያፏጨ በፍጥነት የሚሳለው ለትዕይንት ነው፤ ማዕዘኑን ማንም በዚያ ፍጥነት አይጠብቅም፣ ከብዙ ዓመት ልምድ በስተቀር። የተለመዱት የአውሮፓ የወጥ ቤት ቢላዎች ጥንካሬያቸው በሮክዌል መለኪያ ከ55 እስከ 58 አካባቢ ስለሆነ ለዘንግ ይመቻሉ። 60ን ያለፉት የጃፓን ቢላዎች ግን ከመታጠፍ ይልቅ ይሸረፋሉ፤ ጎድጓዳ መስመር ያለው ዘንግ እነሱን ይጎዳል።

ከ10 ምት በኋላ ቢላው ቲማቲም ቆዳ ላይ አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ ዘንጉ ሥራውን ጨርሷል። ተራው የድንጋዩ ነው።

የውኃ ድንጋይ በቁጥር ይለያል፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሁሉ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻካራ ነው። ከ220 እስከ 400 የተሸረፈውን ለመጠገን፣ 1000 አካባቢ ለተለመደው መሳል፣ ከ3000 እስከ 6000 ለማለስለስ። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው 1000 ይግዛ። ለወጥና ለሽንኩርት ከዚያ በላይ የግድ አይደለም፤ እንዲያውም ጥቂት ሻካራነት የቀረበት ስለት የቲማቲም ቆዳ ላይ ቶሎ ይይዛል። አብዛኞቹ ድንጋዮች ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ተነክረው አረፋ ማውጣት እስኪያቆሙ ይጠበቃሉ። ከላይ ውኃ መርጨት ብቻ የሚበቃቸውም ስላሉ ማሸጊያው ይነበብ።

ትልቁ ጭንቀት ማዕዘኑ ነው። ለተለመደ የወጥ ቤት ቢላ በእያንዳንዱ ወገን 20 ዲግሪ፣ ለቀጭኑ የጃፓን ቢላ 15፣ አጥንት ለሚመታ መጥረቢያ 25 እና ከዚያ በላይ። ዲግሪውን በዓይን መገመት ከባድ ሲሆን በቁመት መለካት ይቻላል። ከጀርባው እስከ ስለቱ 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲል 20 ዲግሪ ይይዛል፤ 1.2 ሴንቲ ሜትር ሲል ደግሞ 15። ማስመሪያ ከሌለ የወረቀት ጥግ ሁለት ጊዜ ለእኩል ማጠፍ ነው፤ 90 ወደ 45፣ 45 ወደ 22.5 ይወርዳል። ከዚያች ትንሽ ዝቅ ማለት ነው። ከሁሉ የሚታመነው ዘዴ ግን የማርከር ቀለም ነው። ተዳፋቱ ላይ ቀለም ቀብቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ መግፋት ነው፤ ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ዝቅ ብሏል፣ ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ ከፍ ብሏል፣ ሁሉም ከለቀቀ ልክ ነው።

ድንጋዩ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍለታል፤ የሚንሸራተት ድንጋይ ጣት ያስቆርጣል። አንድ እጅ እጀታውን ይዞ ማዕዘኑን ይጠብቃል፤ የሌላው እጅ ሁለት ሦስት ጣቶች ስለቱ አጠገብ አርፈው ይጫናሉ። ከእጀታው በኩል ተጀምሮ ያለ ጥድፊያ ይገፋል፣ ይሳባል። ጣቶቹ በሁለት ጣት ስፋት ወደ ጫፉ እየተሻገሩ ይቀጥላሉ። ጫፉ ሲደርስ ቢላው ስለሚጎብጥ እጀታው በጥቂቱ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ጫፉን ሳይስል የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ አይታጠብ፤ እሱም ይፍቃል።

ስንት ጊዜ ይገፋ? ቁጥር የለውም። መለኪያው ክር ነው። አንዱ ተዳፋት እስከ መጨረሻው ሲፋቅ፣ በተቃራኒው ወገን ለዓይን የማትታይ፣ ለጣት የምትሻክር ቀጭን የብረት ክር ትነሣለች። ጣት ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ተሻግሮ ይዳሰሳል፤ በስለቱ ርዝመት ጣት ማስኬድ ግን ቁስል ነው። ክሩ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳይቆረጥ ካልተገኘ ሥራው አላለቀም። በተገኘ ጊዜ ቢላው ይገለበጥና በሌላው ወገን ተመሳሳይ ክር ይነሣል። ቢላው ስል አልሆን ብሎ ያስቸገራቸው ሰዎች ዋነኛው ችግር ክሩ ሳይነሣ መገልበጣቸው ነው፤ ሁለቱ ተዳፋቶች ገና አልተገናኙም።

ከዚያ ክሩ መወገድ አለበት። ይህ ካልተደረገ ቢላው የዚያን ዕለት ምላጭ ይመስላል፣ በማግስቱ ይደነዝዛል፤ የቆረጠው ክሩ ነበርና። ግፊቱ እየቀነሰ በአንዱ ወገን 5፣ በሌላው 5፣ ከዚያ 4 እና 4፣ እያለ እስከ 1 ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹ ድንጋዩን ዳሰስ ማድረግ ብቻ ናቸው። በመጨረሻ ጀርባው ቀድሞ፣ ስለቱ ተከትሎ፣ በቆዳ ቀበቶ ወይም ደርብ ብሎ በተጣጠፈ ጋዜጣ ላይ ጥቂት ጊዜ ይሳባል። ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጠዋል።

መክብብ በምዕራፍ 10 ቁጥር 10 ላይ የደነዘ ብረት ካልተሳለ ጉልበት መጨመር ግድ እንደሚሆን ይናገራል። ጣት የሚቆረጠው በዚያው በተጨመረው ጉልበት ነው፤ ደነዝ ቢላ ሲንሸራተት ከኋላው ሙሉ ክንድ አለ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ላይም ልዩነቱ ይታያል። ስል ቢላ ሽንኩርቱን ይከፍለዋል፣ ደነዙ ይጨፈልቀዋል፤ የሚያስለቅሰውም ከተጨፈለቀው የሚወጣው ጭስ መሰል ነገር ነው። ክትፎ በእጅ የሚከትፍ ሰው ደግሞ ሥጋው ውኃ ሲያወጣና ሲለጠፍ ካየ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቢላውን ይሁን።

በሞተር የሚዞር ድንጋይ ፈጣን ነው፣ ግን ያሞቃል። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሷል ማለት ነው፤ ለስላሳ ሆኗል፣ ስለት አይዝም። ያ ቀለም እስኪጠፋ ብረቱን በቀዝቃዛ ድንጋይ ፍቆ ከመጨረስ ሌላ መፍትሔ የለም። ቢላ በስንጥቁ የሚጎተትባቸው ትንንሽ መሳያዎችም አሉ፤ ብረቱን ይቦጫጭቁታል፣ ማዕዘኑንም እነሱ ናቸው የሚወስኑት። ለርካሽ ቢላ ይበቃሉ፤ ለጥሩው አልመክራቸውም።

ድንጋይ የሌለበት ቤት ስኒ አያጣም። ስኒ ወይም ሰሃን ሲገለበጥ ግርጌው ላይ ያለችው ያልተቀባች ሻካራ ቀለበት እንደ ደቃቅ የሸክላ መሳያ ታገለግላለች። ቀድሞ በጣት ትዳሰስ፤ ብርጭቆ መሰል ቅብ ካለባት አትፍቅም። በ20 ዲግሪ፣ በቀላል እጅ፣ በየወገኑ 10 ጊዜ ያህል። ከዘንግ ትሻላለች፣ ከ1000 ድንጋይ ታንሳለች፤ በዓል ዋዜማ ላይ ግን ቤት ታድናለች።

ስለቱን ቶሎ የሚበላው ደግሞ ከሥጋው ይልቅ ሥሩ ያለው ነው። የመስታወትና የድንጋይ መክተፊያ በጥቂት ደቂቃ ያጥፈዋል፤ ሰሃን ላይ መቁረጥም እንዲሁ። እንጨት ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ይሁን። የተከተፈውን ወደ ድስት ለመግፋት ቢላው ተገልብጦ በጀርባው ይጠረግ።

ሲያልቅ ቢላው በሳሙና ይታጠባል፤ ጨርቁን የሚያጠቁረው የብረት ብናኝ ስለሆነ ምግብ ውስጥ መግባት የለበትም። ሲጠረግም ከጀርባው በኩል ነው። ድንጋዩ መሐሉ ጎድጉዶ ከሆነ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ይስተካከል፤ ጎድጓዳ ድንጋይ ማዕዘን አይጠብቅም። ከዚያ ጥላ ሥር ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከተሰጣ ይሰነጠቃል።